የአክሊል ዋስ

«እኔ ድፍን ሰፈር አዝምቻለሁ፤ እስከ ዛሬ ‹ልጄን የት አደረስከው?› ብላ በሬን ያንኳኳች አንዲት እናት የለችም!»

ይቺን የሰማሁት ዋሄን ገበያ፣ ቲማቲም ልመርጥ ጎንበስ ባልኩበት ነው። ተናጋሪው ከኋላዬ፣ መንዛሪዎቹ የሽልንጉን እስር እንደ ጡብ ደርድረው ከተቀመጡበት ጥግ ቆሟል። ሀርጌሳ ላይ አማርኛ የሚያወራ ሰው የሚሰማው ያለ አይመስለውም፤ ሚስቱን ያማል፣ አሠሪውን ይሰድባል፣ ሁሉንም በሙሉ ድምፁ። እኔ የሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እንደ አገሩ ሴት ተሸፋፍኜ ስለምሄድ ሐበሻ መሆኔን ማንም ልብ አይልም፤ ስንት ጉድ ሰምቼ አልፌያለሁ። ይሄን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ድምፁን አውቀዋለሁ። በሻሼ ጠርዝ ዞር ብዬ ባየው ፈጠነ ነው! የቀበሌያችን ፈጠነ፤ ያ በማህተሙ ሲያስለቅሰን የኖረ ሰውዬ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ሆዱን አስቀድሞ፣ አንድ ቀለም ቀቢ ፊት ይደነፋል። ቀለም ቀቢው «ልክ ነው ኢንጂነር፣ አዎ ኢንጂነር» ይለዋል። ኢንጂነር! ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ።

ውሸታም! እናቴ አንኳኩታለች። ጦርነቱ ሰሜን ላይ በተነሣ በሁለተኛው ክረምት ወንድሜ አክሊል ከዩኒቨርሲቲ ቤት መጥቶ ነበር፤ የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ። ፈጠነ የገዛ ልጁን አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ደብቆ፣ ኮታው ሲጎድልበት የእናቴን ልጅ ከአልጋው አስነሥቶ መኪና ላይ ጫነው። «ለጥበቃ ብቻ ነው እማማ፤ በሦስት ወር ውስጥ እኔ ራሴ መልሼ አስረክብዎታለሁ» አላት። ሦስት ወሩ ሲያልፍ እናቴ በየሳምንቱ በሩ ድረስ እየሄደች ትጠይቅ ነበር፤ ዘበኛውን «የሉም በላት» ሲለው ከአጥሩ ውጭ ሆና ድምፁን እየሰማች ትመለሳለች። አክሊል ግራ እግሩን ከጉልበቱ በላይ አጥቶ ከሆስፒታል ሲወጣ እሷ አፈር ለብሳ ነበር። እኔ ከጦርነቱ በፊት ስለወጣሁ ይህን ሁሉ የሰማሁት እዚህ ሆኜ በስልክ ነው፤ ኋላ አክሊልን ወደ እኔ አስመጣሁት። ፈጠነ እኔን አያውቀኝም፤ እሱ ማህተሙን እንጂ የባለጉዳይ ፊት መቼ አይቶ ያውቃል!

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያሉ ያሳደጉኝ ይቅር ይበሉኝና እኔ የምጸልየው ቂሜን ይዤ ነው። «ጌታዬ ሆይ፣ ያንን ሰው ከእጄ ጣልልኝ» ስል ኖሬያለሁ። ጣለልኝም፣ ግን ሊያመልጠኝ ነው። «ረቡዕ ‹ለቆንስላ ይፈለጋል› ብዬ ፓስፖርቴን ከአሠሪዬ እቀበላለሁ፣ ሐሙስ በራሪ ነኝ» አለው ለቀለም ቀቢው። «ዱባይ ከገባሁ ማን ይደርስብኛል?» እጄ ውስጥ የነበረው ቲማቲም ፈረጠ። ሻጯ ጮኸችብኝ፤ የፈረጠውንም መዝና አስከፈለችኝ፤ ዋጋው በሳምንት ውስጥ እጥፍ መሆኑ ሳያንስ።

ያን ቀን ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበረብኝ። ሀርጌሳ ውስጥ የጦር ቁስለኞች ማኅበር አለ፤ መሪው አደር ዱዓሌ ናቸው። አደር አጎት ማለት ነው፤ እዚህ ሽማግሌ የምንጠራው እንዲያ ነው። በራሳቸው አገር ጦርነት ቀኝ እጃቸውን አጥተው ድሬዳዋ ሆስፒታል ነው የዳኑት፤ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ማኅበሩ ቁስለኞችን ኮሌጅ አስገብቶ ምህንድስና ያስተምራል። «ከተማችን ፈርሶ አይተናል፤ እግር የሌለው ሰው ቤት አይሠራም ያለው ማነው?» ይላሉ አደር ዱዓሌ። አክሊልን ፈትነው አለፈ። ሐበሻ ነው ብለው የተቃወሙ ነበሩ፤ እሳቸው ግን «ቁስለኛ አገር የለውም፤ እኔንም ሐበሻ ነው የሰፋኝ» ብለው ዝም አሰኟቸው። የአምስት ዓመቱን ክፍያ ማኅበሩ ቻለ። የቀረው ዋስ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ የውጭ ተማሪ ታህሪብ ወጥቶ፣ በባሕር ወደ አውሮፓ ልሂድ ብሎ፣ ስለጠፋ ሽማግሌዎቹ ሕግ አወጡ፤ የውጭ ሰው እዚሁ ከተማ የሚኖር፣ ሥራው የታወቀ ዋስ ካላቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። የመጨረሻው ቀን ያ ቀን ነበር፤ እስከ ዐስር ሶላት፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ።

አሠሪዬ ዛምዛም ዋስ እሆናለሁ ብላኝ ነበር። ጠዋት ቁርስ ሳቀርብ ግን ባሏ ቀደማት፤ «ነገ ሲጠፋ ማንን ልወልድላቸው ነው?» አለና ቂጣውን ቆረሰ። ዛምዛም አንገቷን ደፍታ ሻይዋን ታማስላለች፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ወደ እኔ ቀና ብላ አላየችም፤ ቆይታ «ዛሬ ቲማቲም ጨርሰናል» አለችኝ። እኔም ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወጣሁ። በመንገዱ ሁሉ የማውቀውን ሰው በልቤ ስቆጥር፣ አንዱ ሥራ የለው፣ አንዱ ፈቃድ የለው፣ አንዱ ራሱ ለታህሪብ የሚቆጥብ፤ አንድም የሚሆን አጣሁ።

እና እዚያ፣ በቲማቲም በተለወሰ እጄ ቆሜ፣ ነገሩ መጣልኝ። ለምን እሱ አይሆንም? ሥራው የታወቀ፣ አድራሻው የታወቀ፣ ሐበሻው ሁሉ የሚሰግድለት። መሄጃው ስለደረሰ የፈለጉትን ቃል ይሰጣል፤ ቃል መስጠት መቼ ከብዶት ያውቃል! እኔ ደግሞ እዚህ አገር ስኖር አንድ ነገር ተምሬያለሁ። እኛ አገር ማህተም የሌለበት ነገር ነገር አይደለም። እዚህ ግን ወረቀት የመንግሥት ነው፤ የሰውና የሰው ጉዳይ የሆነው ነገር በሽማግሌ ፊት፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ፣ ከቁርኣን ፋቲሃ ተቀርቶበት ነው የሚታሰረው። ያንን ያፈረሰ ቤት አያከራዩትም፣ ሥራ አይሰጡትም፣ ሰላምታውን እንኳ የሚመልስለት አያገኝም። ፈጠነ ይህን አያውቅም። ሽልንግ መንዘርን ተምሯል፣ ይህን አልተማረም።

ተከተልኩት። ገበያው ጀርባ ያለ ጅምር ሕንፃ ውስጥ ገባ። የሕንፃውን ባለቤት ሳውቅ ደስታ ሊገለኝ ደረሰ፤ አደር ዒዲል ናቸው፣ ከማኅበሩ ሽማግሌዎች አንዱ። የፈጠነም አሠሪ እሳቸው ናቸው ማለት ነው፤ የእኛ ሁላችንም ፓስፖርት ያለው ደግሞ አሠሪያችን ሳጥን ውስጥ ነው። ሻሼን ከአፌ ዝቅ አድርጌ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ አልኩ። «ኢንጂነር፣ እንደምን ዋሉ! እርስዎን የመሰለ አለኝታ እዚህ ከተማ የለም ብለውኝ ነው የመጣሁት።» ምላሴ እንዴት እንዳልተቃጠለ እንጃ። ቁስለኛ ወንድም እንዳለኝ፣ ምህንድስና ሊማር መሆኑን፣ የጎደለው አንድ ዋስ ብቻ መሆኑን ነገርኩት። አካፋው ሁሉ ቆመ። ፈጠነ መነጽሩን አወለቀና ፊቱ ላይ ሐዘን ለጠፈበት።

«የት ነው የቆሰለው?»

«ሰሜን።»

«ጀግና! እኔ ለእነዚህ ልጆች ያላደረግሁት ምን አለ? ስንት ወረቀት ነው የምፈርመው?»

«ወረቀት የለውም ጋሼ። መጥተው በሽማግሌዎቹ ፊት ‹አለሁ› ማለት ብቻ ነው።»

ሳቀ። «ይሄማ ምን ችግር አለው!» አለ፤ ሠራተኞቹ «እድሜ ይስጥዎት» አሉት፤ እሱም አሜን እያለ ምርቃቱን ተቀበለ። ቢጠፋበት መንገዱን እንዲጠይቀኝ ስልክ ቁጥሬን ሰጠሁት። እድሜ ይስጠው፣ አዎ፤ እኔም ከልቤ መረቅሁት።

ሼክ ኑር ሰፈር፣ ቤታችን ስደርስ አክሊል ሱሪውን ተኩሶ ጨርሶ ነበር። አንድ ክፍል የቆርቆሮ ቤት ናት ያለችን፤ እኩለ ቀን ላይ በሙቀቷ ዳቦ ትጋግራለች። ኪራይዋን አከራያችን በየረመዳኑ ትጨምራለች፤ ለምን ስንላት ውኃ ተወደደ ትላለች፣ ውኃውን የምንገዛው እኛ። አክሊል የግራውን ሱሪ እግር አጥፎ በመርፌ ቁልፍ አያያዘ፤ ይህን ሲያደርግ እንዳየው አይወድም፤ ስለዚህ ጀሪካኑን የማነሣ መስዬ ዞርኩ። «ተገኘ?» አለኝ። «ተገኘ።» «ማነው?» «የአገራችን ሰው ነው።» ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ወንድሜ ስለ ጦርነቱ ተንፍሶ አያውቅም። የፈጠነን ስም ጠርቼ መራገም ስጀምር ክራንቹን አንሥቶ ይወጣል፤ እርግማኔን ስጨርስ ይመለሳል። ይቅር ያለው ይመስለኝና እበሽቅ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ እንዴት ይረሳል?

ኮሌጁ ግቢ ውስጥ ግራር ሥር ሽማግሌዎቹ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሻይ በወተት ይጠጣሉ፤ አደር ዱዓሌ መሐል፣ አደር ዒዲል ከጎናቸው። ፈጠነ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ቀድሞን ደርሷል። አክሊል ሲያየው ክራንቹ ጠጠሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። መጀመሪያ ፈጠነን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። በዓይኔ «እባክህ፣ ቦታህ ነው» አልኩት። ፈጠነ አላወቀውም! ከአልጋው አስነሥቶ የጫነውን ልጅ! «ጀግናዬ፣ ና እስቲ!» ብሎ ትከሻውን አቅፎ ሳመው።

አደር ዱዓሌ ተነሡ። አንዳች ነገር አልደበቁትም፤ መጀመሪያ በሶማሊኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብለው ተናገሩ። «አቶ ፈጠነ፣ ይህ ልጅ ቢጠፋ ከእርስዎ እንፈልገዋለን። እሱ እስኪመረቅ እርስዎ ከዚህ ከተማ አይወጡም። በየወሩ መጀመሪያ ከእሱ ጋር አብራችሁ እዚህ ትቀርባላችሁ። ይህን ችለው ነው የመጡት?»

«እንዴታ! እኔ አለሁለት» አለ ፈጠነ ደረቱን እየመታ። «ልጄ ማለት እኮ ነው!»

የሁለቱን እጅ አያያዙና ግራ እጃቸውን ከላይ ጫኑበት። «እናንተ በእምነታችሁ አሜን በሉ» አሉን፤ ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ቀሩ። ፈጠነ ከሁሉም አስበልጦ አሜን አለ። አክሊል አፉን አልከፈተም፤ እጁን ግን አልነጠቀም። ሲያበቃ ፈጠነ ጠረጴዛ የሚፈልግ ይመስል ዞር ዞር አለ። «በቃ? ማህተምስ?» አለ። አደር ዱዓሌ «ቃልዎን ሰጡን እኮ» አሉት። ፈጠነ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ።

እስከ በሩ ሸኘሁት። በሩ ጋ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እህቴ፣ ለሰው ፊት ብዬ ነው እንጂ እኔ ሐሙስ በራሪ ነኝ። ልጁ ግን ገብቷል አይደል? ዋናው እሱ ነው» አለኝ፤ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ እያለ።

«እናቱን ያስታውሷታል?» አልኩት።

«የማንን?»

«የአክሊልን። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የምትኖረዋን። በርህን የምታንኳኳውን፣ አንተ ‹የሉም በላት› እያልክ የምትመልሳትን! እኔ ልጇ ነኝ፣ የሺሃረግ እባላለሁ።» አንቱታው በመሐል ከአፌ ወደቀ፤ አላነሣሁትም። መልሱን ሳልጠብቅ ወደ ግራሩ ዞሬ በሶማሊኛ ጮህኩ፤ «ይህ ሰው ሐሙስ አገር ጥዬ ልሄድ ነው ይላል!»

የሻይ ብርጭቆ የያዘ ሁሉ ብርጭቆውን አስቀመጠ። አደር ዒዲል ቀስ ብለው ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። «ፓስፖርቱ እኔ ሳጥን ውስጥ ነው» አሉ። «ልጁ ሲመረቅ ይወስዳል።» ያ ሳጥን ስንት ሐበሻ ያስለቀሰ ሳጥን ነው፤ እኔም የዛምዛምን ባል ሳጥን ስረግም የኖርኩ ነኝ፤ ያን ቀን ግን የአደር ዒዲልን ሳጥን ባረክሁት። ፈጠነ «ወረቀቱ የት አለ? ማን ፈረመ? የት አለ ፊርማዬ?» እያለ ከአንዱ ሽማግሌ ወደ አንዱ ሮጠ። አደር ዱዓሌ ቃል በቃል ተረጎሙላቸው። አንዳቸውም አልሳቁም፤ ገበያ መሐል ልብሱን ያወለቀ ሰው እንደሚያዩ አዩት፤ ያፈሩት እነሱ ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ፈጠነ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ እልል አልኩ።

ወደ ሼክ ኑር በሚኒባስ ስንመለስ አክሊል መስኮቱን ተደግፎ አቧራውን ያያል። እኔ አፌ አላርፍ አለ፤ ማህተሙን ሲፈልግ አየኸው፣ ሲሮጥ አየኸው፣ እማዬ አፈሯ ይቅለላት፣ ዛሬ አረፈች፤ ብቻዬን ቀባጠርኩ። «ምነው፣ እሰይ እንኳ አትለኝም?» አልኩት በመጨረሻ።

«የሺ፣ እኔ እኮ ቀብሬው ነበር» አለኝ።

«ማንን?»

«እሱን። ሆስፒታል ሳለሁ ነው። ሞቷል አልኩና በልቤ አፈር አለበስኩት። እንቅልፍ የወሰደኝ ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ተመልሶ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስሙን ስትጠሪ የምወጣው ለምን ይመስልሻል? ዛሬ ከመቃብር አውጥተሽ እጁን አስያዝሽኝ። ላብ ነበረው።»

ተመልሼ ሽማግሌዎቹን ልንገራቸው፣ ይልቀቁት ልበላቸው አልኩ። «ቦታዬስ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ዋስ ከሌለ ቦታ የለም። «በድሮ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በልብሳቸው ጫፍ ይቋጠሩ ነበር ትለን አልነበር እማዬ፤ ቁራኛ። ከሳሹም እኮ አብሮ ነው የሚታሰረው። ያሰርሽው እሱን ብቻ መሰለሽ?»

ይህን አላሰብኩም ነበር። እናቴን፣ እግሩን፣ በሩን አሰብኩ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ያንን ፊት የሚያየው ማን እንደሆነ አላሰብኩም። ራሴን በጥፊ ብመታው በወደድኩ። አክሊል ግን ግንባሩን መስታወቱ ላይ አድርጎ አንድ ነገር የሚያሰላ ይመስላል።

ስልኬ ጮኸ። ፈጠነ ነው። «እህቴ፣ በወላዲቷ ይዤሻለሁ! ሽማግሌዎቹን አናግሪልኝ፤ ዱባይ ያለው ነገር ሊበላሽብኝ ነው። የፈለግሽውን ጠይቂኝ!» ድምፁ እስከ ሹፌሩ ይሰማል። ስንት ዓመት ያቆየሁለት እርግማን ነበረኝ፤ ተሰልፎ አፌ ላይ ደረሰ። አክሊል እጁን ዘረጋ።

«ስጪኝ» አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገና፣ በእኩል ድምፅ፣ አስተማሪውን እንደሚያናግር ተማሪ፣ «አቶ ፈጠነ፣ አክሊል ነኝ» አለ። «የወሩ መጀመሪያ ሲመጡ፣ ያን ቀን መኪናው ላይ አብረውኝ የጫኗቸውን ልጆች ስም በቃልዎ አጥንተው ይምጡ። የእናቶቻቸውንም ስም።»

ከፈጠነ ጀርባ መዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«ልጄ… ከየት ብዬ አስታውሳለሁ? እነሱ እኮ ብዙ ናቸው።»

«ብዙ ነበሩ» አለ አክሊል። «ሲሳሳቱ አርምዎታለሁ። አይቸኩሉ፤ አምስት ዓመት አለን።»